የናቲ ድራፍትና የእኔ ስልክ አያያዝ

የማያውቁት ቁጥር ሲደወል ስልኩን አንስቶ «ማን ልበል?» ማለት ያባት ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስል ኖሬአለሁ። መባል በነበረበት በዚያች አንድ ቀን ግን ሳልል ቀረሁ፤ ይኸው ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር እጁን በስልክ ቅርጽ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይስቅብኛል። ታሪኩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ሌሎች ሲያወሩት ፍጹም ቂል ሆኜ ነው የምገኘው፤ እኔ ሳወራው መጠነኛ ቂል ነኝ።

ጊዜው ካልጋሪ በነዳጅ ዘይት የሰከረችበት ጊዜ ነው። እኔ ዳውንታውን የአንድ ረጅም ሕንጻ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ነው የምቆጣጠረው፤ በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት ካለቀው ሕንጻ ይልቅ ክሬኑ ይበዛ ነበር። የሠራተኛ ያለህ የማይል ቤት አልነበረም። ሳንድዊች ልትገዛ ገብተህ የሥራ ሽፍት ይዘህ ትወጣለህ። ከሁሉ የባሱት ግን የካምፕ ቀጣሪዎች ነበሩ። ካምፕ የምንለው ዘይቱ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ሩቅ ሰሜን ጫካ ውስጥ ያለውን የሠራተኞች መኖሪያ ነው። ቀጣሪዎቹ ቁጥራችንን ከየት እንደሚያገኙት እግዜር ይወቅ፣ ከጎረቤት ከተማ ከኤድመንተን እየደወሉ «ካምፕ ትሄዳለህ?» ይላሉ። አንድ ወዳጄ ቀብር ላይ ቆሞ ሳለ ደውለውለት፣ በሹክሹክታ «ቀብር ላይ ነኝ» ቢላቸው «ከቀብር በኋላስ?» ብለውታል።

ወደ ናቲ ልምጣ። ናትናኤል የእህቴ የሰብለ ልጅ ነው። ሰብለና ባሏ ጌታቸው ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ ነው የሚኖሩት፤ ሁለቱም ከሲታዎች ናቸው፣ ንፋስ ባለበት ቀን ተያይዘው የሚሄዱ ዓይነት። እዚሁ ካልጋሪ የወለዱት ልጅ ግን የቤቴን በር ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው። ሰብለ «ጌታ ሲባርክ እንዲህ ነው» ትላለች። ጌታቸው ደግሞ «የባረከው ጌታ ነው፤ የሚያበላው ግን እኔ ነኝ» ይላል።

ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ እየተማረ ለትምህርት ቤቱ ፉትቦል ይጫወታል። ፉትቦል ስላችሁ የእኛን ኳስ እንዳትገምቱ። በእጅ የሚያዝ፣ እንደ እንቁላል የሾለ ኳስ አለ፤ ናቲ ግን እሱንም አይነካውም። ሥራው ኳስ የያዘው ጓደኛው እንዳይነካ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰው መግፋት ነው። በቃ። አዲስ አበባ ታክሲ ስንጠብቅ በነጻ ስንሠራው የኖርነውን ሥራ ነው። ጌታቸው ዓመታት ሜዳ ዳር ቆሞ ሲመለከት ከርሞ «ኳስ ተጫዋች ነው ትላላችሁ፤ ልጄ ኳስ ሲነካ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም» ይል ነበር።

ናቲ ሊመረቅ ሲል ታዲያ የድራፍቱ ነገር መጣ። ድራፍት ማለት ትልልቆቹ ቡድኖች፣ እነዚያ ደመወዝ የሚከፍሉት፣ በዓመት አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ልጆች በየተራ የሚመርጡበት ነው። ልጁ ቡድኑን አይመርጥም፤ ቡድኑ ነው ልጁን የሚመርጠው። ስሙ ከተጠራ ተጠራ፤ ዙሩ ሁሉ አልቆ ካልተጠራ ጫማውን ሰቅሎ ሌላ ኑሮ ይፈልጋል። ናቲን የሚጠብቀው ሌላ ኑሮ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ዳውንታውን ያለ አንድ የዘይት ኩባንያ «ና፣ ሥራ» ብሎት፣ መልሱን ከድራፍቱ ማግስት ጠዋት ድረስ እጠብቃለሁ ብሎታል። አባትና ልጅ ተነጋግረው ተስማሙ፤ ከተጠራ ኳሱን ይሞክራል፣ ካልተጠራ ክራቫት አስሮ ዳውንታውን ይገባል። ጌታቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆነ ልጁ እንዳይሳካለት መጸለይ አይችልም። የነበረው አማራጭ ሳይጸልዩ ዝም ብሎ ተስፋ ማድረግ ብቻ ነበር።

እኔስ? እኔ በዚያ ሰሞን ሊቅ ሆኜ ነበር። ሥራ ቦታ የማሞቂያውን ቆጣሪ ከምከታተል ይልቅ ኢንተርኔት ላይ የድራፍት ትንቢት ሳነብ ነው የምውለው። ባለሙያ ነን የሚሉት ሰዎች ናቲን ሁለተኛው ዙር ላይ አስቀምጠውታል። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ «ሁለተኛ ዙር ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ሦስተኛ» እያልኩ አረጋጋ ጀመር። ማንም ሳይጠይቀኝ ማለቴ ነው። በዚሁ ጉራዬ ዝግጅቱም ፔንብሩክ ሜዶውስ እኔ ቤት እንዲሆን ተወሰነ፤ ለአብዛኛው ምዕመን ከኤርድሪ ይልቅ የእኔ ሰፈር ይቀርባል። የመጣው ሁሉ ልጁ ለከተማው ቡድን እንደሚጫወት እርግጠኛ ሆኖ የካልጋሪን ቀይ ማሊያ ለብሷል። እትዬ ፋንታዬ ብቻ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

እትዬ ፋንታዬ ጎረቤቴ ናቸው፤ የማኅበረ ምዕመናኑ ሁሉ እናት። እሳቸው ጾመው ጸልየውለት ያልተከፈተ በር የለም እየተባለ የሥራ ኢንተርቪው ያለበት ሁሉ ቀድሞ ለእሳቸው ነው የሚደውለው። ከዚያ ቀደም ባለው እሑድ ፓስተሩ «ወንድማችን ናትናኤል በዚህ ሳምንት ድራፍት ስላለበት በጸሎት አስቡት» ብለው ሲያስታውቁ፣ እትዬ ፋንታዬ ከፊተኛው ወንበር በረጅሙ ሲተነፍሱ ሰምቻለሁ። ለልጁ ያላቸው ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ድራፍቱ በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን ተጀመረ። የመጀመሪያው ቡድን የመጀመሪያውን ልጅ ሲጠራ የቴሌቪዥኑ ባለሙያዎች ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ። ልጁ ወረቀታቸው ላይ የለም። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጠፋ። እኔ «ድሮም የጠረጠርኩት ነው» አልኩ። ሁለተኛው ዙር መጣ፤ ናቲ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ፣ ሶፋዬም ድምጽ እያሰማ፣ ስሙን ጠበቅን። አልተጠራም። «ሦስተኛ» አልኩ። ሦስተኛውም አለፈ።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ይረብሸኝ ጀምሯል። ናቲ ሳይጠራ በቀረ ቁጥር እትዬ ፋንታዬ ከጥጋቸው «ተመስገን!» ይላሉ። መጀመሪያ በመከራ ጊዜ ማመስገን የሚችል ሰው እንዴት ያለ እምነት ቢኖረው ነው ብለን ተደንቀን ነበር። በሦስተኛው ላይ ሰብለ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው ልጄ ሲቀር የሚያመሰግኑት?»

«እንዴ! ሳምንቱን ሙሉ የጾምኩት ለዚሁ አይደለም እንዴ? አንድዬ ከድራፍቱ ጠበቀልን!»

«ከምኑ?»

«ከቢራው ነዋ! ስንት ወጣት አዲስ አበባ በዚያ በትልቁ ብርጭቆ ሲጠፋ አይቻለሁ። ፓስተሩም በአደባባይ መናገራቸው ገርሞኝ ነበር። እንዲያውም ዛሬ እዚህ ተሰብስባችሁ እንደሆነ ልታጠጡት መስሎኝ ልገሥጻችሁ ነው የመጣሁት።»

ቀይ የለበሰው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰብለ አጠገባቸው ተንበርክካ ምንነቱን ስታስረዳቸው እትዬ ፋንታዬ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ታዲያ ‹ኳስ ቤት ሊቀጠር ነው› አትሉም በአማርኛ? ልጆቼ፣ የጸለይኩትን አሁን ምን ላድርገው?»

ሁላችንም ወደ ጌታቸው ዞርን፤ ሽማግሌ እሱ ነው። ጌታቸው ጉሮሮውን ጠረገና «ጌታ የልብዎን ያውቃል፣ እትዬ» አለ። የጸሎቱ ውጤት ለራሱ በጣም እንደጣመው ግን ከፊቱ ይነበባል። እትዬ ፋንታዬ ወዲያው ተነሥተው፣ የሳምንቱን ጸሎት በአንድ ምሽት ሊገለብጡ፣ መኝታ ቤቴ ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዙር ቴሌቪዥኑ ስለማያሳይ ሰብለ ላፕቶፕ ከፍታ ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግ ያዘች። በዚያው ሰዓት የናቲ ስልክ መደወል ጀመረ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይነሣል፤ ናቲ ያነሣል፤ «ተጠራህ እንዴ?» ይላል አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ይዘጋል። ይደወላል። ሌላው ደግሞ «አሁንስ?» ይላል። ልጁ ላብ በላብ ሆነ።

«አንክል፣ ፕሊስ ስልኩን አንተ ያዝልኝ» አለኝ። «ኤቭሪባዲ ነው የሚደውለው። ከቲም ሪል ኮል ከመጣ፣ ላይክ፣ ጥራኝ። እኔ ስኖው ላጸዳ ነው።»

አዎ፣ በረዶ። ሜይ ገብቷል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ካልጋሪ ውስጥ በረዶ ወር አይመርጥም። ናቲ አካፋውን ይዞ ወጣና የእኔን ደጅ ጠረገ፤ የእትዬ ፋንታዬን ቀጠለ፤ ከዚያ የማያውቃቸውን ሰዎች ደጅ ተያያዘው። ማዶ ያለው ጎረቤቴ ማሽን የተከራየሁ መስሎት በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ።

እኔ ስልኩን ተረከብኩ። ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ የደወሉትን በትሕትና «ገና ነው፣ ጸልዩ» እላለሁ። ቆየት ብዬ «ገና!» ማለት ጀመርኩ። በኋላማ ድምጽ እንደሰማሁ እዘጋለሁ። አንዴ ግን የማላውቀው ቁጥር መጣ። አነሣሁት፤ እንግሊዝኛ ነው! «ናትናኤልን ላገኘው እችላለሁ?» አለ ሰውዬው። በእጄ ለቤቱ ምልክት ሰጠሁ። ጫማዬን ሳላጠልቅ ወደ በረዶው እየሮጥኩ «ናቲ! ናቲ!» አልኩ። ልጁ አካፋውን ወርውሮ ሲሮጥ ተንሸራተተና የጎረቤቴን አጥር ትንሽ አዘነበለው። ከበረዶው ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ኖ» አለ ቆይቶ። «ኖ፣ ዌልዲንግ አልችልም።»

የካምፕ ቀጣሪ ነበር።

ቤት ስንመለስ ማንም ቀና ብሎ ሊያየን አልፈለገም። ናቲም ወደ አካፋው ተመለሰ። እኔ ግን ሁለተኛ አልሸወድም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አምስተኛው ዙር ላይ ሰብለ ገጹ ላይ ስለ ናቲ የተጻፈ አስተያየት አግኝታ ጮክ ብላ አነበበች። ባለሙያው «ልጁ ግዙፍ ነው፣ እግሩ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለዚህም ይመስላል ሁሉም የሚያልፈው» ይላል። ጌታቸው፣ እስከዚያ ድረስ በየዙሩ ፊቱ እየፈካ የመጣ ሰው፣ ብድግ አለ።

«ማነው ቀርፋፋ ያለው?»

«ተወው ጌቱ፣ ዝም ብሎ የጻፈ ሰው ነው» አለች ሰብለ።

«ምን ማለት ነው ሁሉም የሚያልፈው? እስካሁን የጠሯቸው ሁሉ ከእሱ በልጠው ነው? ያ ቅድም የጠሩት፣ አንገት የሌለው ልጅ?»

«ጌታቸው፣ እንዲቀር አልነበር እንዴ የምትፈልገው?» አልኩት።

«እንዲቀር እፈልጋለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እንዲናቅ ግን አልፈለግኩም!»

ከዚያ ወዲያ ከላፕቶፑ አልተነሣም። ሰብለ ሪፍሬሽ ስታደርግ ጣቷ ቀርፋፋ ነው ብሎ እሱ ተቀበላት። መኝታ ቤት ውስጥ የእትዬ ፋንታዬ ድምጽ ከፍ እያለ ነው። ሰዉ አንድ በአንድ ቀይ ማሊያውን በጃኬት እየሸፈነ ለመሄድ ማመንታት ጀምሯል። ስድስተኛው፣ የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ ሲል ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ «ማን ልበል?» ማለት የነበረብኝ።

«ናትናኤል ነው?» አለ አንድ ቸኩሎ የሚናገር ሰው።

«አጎቱ ነኝ። ምን ነበር?» አልኩ ቆፍጠን ብዬ።

«ጥሩ! ከኤድመንተን ነው የምደውለው። ትልቅ፣ ጠንካራ ልጅ እንደሆነ እናውቃለን። በዚህ ወር መጨረሻ ካምፕ እንዲገባልን እንፈልጋለን። ዝግጁ ነው?»

ካምፕ! ደሜ ፈላ። ቤቱን በእጄ «ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ምንም አይደለም» አልኩና ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰበሰብኩ።

«ስማኝ ወዳጄ፣ ልጁ የተማረ ኢንጂነር ነው። ካምፕ አይሄድም! ዛሬ ደግሞ ለእሱ ትልቅ ቀን ነውና ስሙን ከሊስታችሁ ላይ አውጡልኝ።»

«ከሊስታችን ላይ?» የሰውዬው ድምጽ ቀጠነ። «እርግጠኛ ነህ፣ ጌታዬ? ምክንያቱም አሁን እኮ...»

«መቶ በመቶ! ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ!»

ዘጋሁት። መዝጋቴስ ይሁን፤ እስከ ዛሬ ብቻዬን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ከዘጋሁ በኋላ ለቤቱ የሰጠሁት ማብራሪያ ነው። «እነዚህን ሰዎች» አልኩ፣ ስልኩን ኪሴ ውስጥ እየከተትኩ፣ «እንዲህ ካላናገሯቸው አይለቁም።»

ገና ሳልቀመጥ ጌታቸው ጮኸ። ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ሰብለ ጎንበስ ብላ አየችና እሷም ጮኸች። ገጹ ላይ የናቲ ስም ከነአባቱ ተጽፏል፤ ከጎኑ «ኤድመንተን» ይላል። ጌታቸው በካልሲው በረዶውን እየረገጠ ወጣና ሦስተኛ ቤት ደጃፍ ላይ ልጁን አገኘው። ደረቱ ድረስ እንኳ አይደርስም፤ ወገቡን አቅፎ ሊያነሣው ሲታገል በመስኮት አየነው። አልተነሣም፤ ግን አልተወውም።

ተያይዘው ሲገቡ ናቲ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «አንክል፣ አልደወሉም እንዴ? ከመጥራታቸው በፊት ኮል ያደርጋሉ እኮ» ብሎ ነው።

«ማንም አልደወለም» አልኩ። «ያ የካምፕ ሰውዬ ብቻ...»

«የምን ካምፕ?»

«ከኤድመንተን። በወሩ መጨረሻ ካምፕ ይግባልን ያለው።»

ናቲ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ትሬኒንግ ካምፕ! አንክል! ኦ ማይ ጋድ፣ ልምምዱ ነው እኮ ካምፕ የሚባለው! ምን አልካቸው?»

መልሱን ቤቱ ሁሉ ሰምቶት ስለነበር እኔ መድገም አላስፈለገኝም። ሰብለ ብቻ፣ ታናሽ እህቴ፣ «ጋሼ...» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ላፕቶፑ ሄጄ ሪፍሬሽ አደረግኩ፤ ስሙ አለ። እንደገና አደረግኩ፤ አለ። ሊስት ላይ ስም ለማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸው ይሆን እያልኩ ጣቴን ሳላነሣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ያው ቁጥር ነው። እንደ ፍም አቃጠለኝና ወደ ናቲ ወረወርኩት። ልጁ ኳስ ነክቶ አያውቅም ብያችኋለሁ፤ ስልኩን ግን በአንድ እጁ ቀለበው።

«የስ ሰር... ታንክ ዩ ሰር» አለ ቀጥ ብሎ ቆሞ። «የስ፣ አጎቴ ነው... ኖ ሰር፣ ኤጀንቴ አይደለም... ኖ ሰር፣ በፍጹም፣ እመጣለሁ!»

እልልታው ሲበርድ አንድ ጎልማሳ ቀይ ማሊያውን ቁልቁል ተመለከተና «ግን እኮ ኤድመንተን ነው» አለ። የካልጋሪ ሰው ኤድመንተንን በዘይትም በኳስም አይወድም፤ ሰዉ የተጣለበትን ዕዳ አሁን ገና አስተዋለ። እትዬ ፋንታዬ ከመኝታ ቤት ላብ በላብ ሆነው ብቅ አሉ።

«ኤድመንተን ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ምን ታጉረመርማላችሁ?» ብለው ውኃ ጠየቁ።

በማግስቱ ናቲ ለዘይት ኩባንያው ደውሎ አመስግኖ እንደማይመጣ ነገራቸው። ጌታቸው ውስጡ አላረፈም፤ ለብቻዬ ጠርቶ «ኳሱ እንቢ ቢለው ዘይቱ ይጠብቀዋል ብለህ ታስባለህ?» አለኝ። እኔም ዳውንታውን እንደሚሠራ ሰው «ዘይት የት ይሄዳል?» አልኩት። በዚያ ጊዜ ካልጋሪ ውስጥ ከዚህ የተለየ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ናቲ ካምፑ ውስጥ እየተቀነሱ፣ እየተቀነሱ ከሚሸኙት ልጆች መሃል እንዴት እንደተረፈ እሱም አያውቀውም። አንዱ ጉልበቱን ተጎዳ፣ አንዱ አገሩ ገባ፣ አንዱ ከአሰልጣኙ ተጣላ፤ ናቲ ተረፈ። የፈረንጅ በጋ ሊያልቅ ሲል ቡድኑ ለጨዋታ ካልጋሪ መጣ። ሰብለ «እኔ ልቤ አይችልም» ብላ ቀረች፤ እኔና ጌታቸው ስታዲየም ገባን። ጌታቸው ለካልጋሪ ቀይም ለኤድመንተን አረንጓዴም እንዳይሆን የእሑድ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ነው የመጣው። ከኋላችን ያለ ሰው ዳኛ መስሎት ሰደበው።

ናቲ ጨዋታውን ሙሉ ሜዳ ዳር ቆሞ ዋለ። ሰዉ ኳሱን ይከተላል፤ ጌታቸው አንዴም ወደ ኳሱ አልዞረም፤ ያንን ንጹሕ ልብሱን ለብሶ የቆመውን ልጅ ብቻ ነው የሚያየው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አሰልጣኙ የናቲን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ልጁ እየሮጠ ገባ፤ ተደረደሩ፤ አጎነበሰ። ኳሱ ተለቀቀ። ናቲ ፊት ለፊቱ የነበረውን ሰው ገፋው፤ ሰውዬው ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ተቀመጠ። በቃ። ፊሽካ ተነፋ፤ ናቲ ወጣ።

እኔ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ጌታቸው ክንዴን ጨመደደኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት! አንተስ?»

«እኔ አላየሁም» አለ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። «ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ምን አደረገ?»

ነገርኩት። እንደገና ንገረኝ አለኝ፤ እንደገና ነገርኩት። ኤርድሪ እስክንደርስ ድረስ መኪና ውስጥ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ናቲ ሦስት ሰው ጥሎ ነበር።